ቃላትን እንደ ሰርፍ

ከሁሩታ የመጣን ብዙዎቻችን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ፣ ከ9ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረን፣ ከትምህርት ቤት መልስ መድረሳ ኪታብ ቀርተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፊዚክሱም ሒሳቡም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአፕቲትዩዱ ፈተና ደግሞ ራሱን የቻለ የቃላት ክፍል አለው።

ታናናሾቻችን ግን ዛሬም ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ የቃላት ዝርዝር ይሸመድዳሉ፤ በሳምንቱ ይጠፋል። ኡስታዞቻችን እንዲህ አላስተማሩንም። ሰርፍ ስንቀራ ከ«ከተበ» ኪታብ፣ ካቲብ፣ መክቱብ፣ መክተባ ሲወጡ አይተናል። እንግሊዝኛም ሥር አለው። «ስክራይብ» ከመጻፍ ጋር እንደሚያያዝ ያወቀ ተማሪ «ማኑስክሪፕት» ወይም «ኢንስክሪፕሽን» ሲያይ አይደነግጥም። እርግጥ እንደ ዐረብኛው አይታዘዝም፤ «ፕሪስክራይብ»ን በሥሩ ብቻ የገመተ ሐኪሙን ጸሐፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ መያዝ ግድ ነው። ሒፍዝ ላይም አዲስ ከመያዛችን በፊት የትናንቱን ሙራጀዓ እናደርግ ነበር።

በሴሚስተር እረፍት ሁሩታ ስንገባ ከዐስር እስከ መግሪብ ከ12ኛ ክፍሎች ጋር እንቀመጥ፤ እህቶችም በራሳቸው ሐለቃ። በቀን 10 ቃል ይበቃል፣ ሙራጀዓው እስካልተዘለለ ድረስ።