ከማወቅ ወደ መጠየቅ፦ የወሲባዊ ጤና ትምህርት በድሬዳዋ

የሕክምና ተማሪዎች ስለ ወሲባዊ ጤና ያላቸውን ዕውቀትና አመለካከት የሚመረምሩ ጥናቶች ዋና መሣሪያቸው የጽሑፍ መጠይቅ ነው። ተማሪው የኤች.አይ.ቪ. መተላለፊያ መንገዶችን፣ የእርግዝና መከላከያ ዓይነቶችንና የአባለዘር በሽታ ምልክቶችን ይለያል፤ አመለካከቱም «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» በሚሉ አማራጮች ይለካል። ይህ ልኬት ጥቅም አለው። ሆኖም ተማሪው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሲቆም የሚያውቀውን ወደ ጥያቄ መለወጥ መቻሉን አያሳይም። በእኔ አስተያየት በድሬዳዋ ከሁሉ አስቀድሞ ልናስተምረውም ልንለካውም የሚገባው ይህ ችሎታ ነው።

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ አንሥቶ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሌሎችም ቋንቋዎች በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ከተማ ናት። ወደ ዩኒቨርሲቲዋ የሚመደቡት ተማሪዎች ከመላ አገሪቱ የሚመጡ ሲሆን፣ ሕክምናን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። የሕመምተኛዋን ቋንቋ የማይችል ተማሪ አስተርጓሚ ይሻል፤ በቅርብ የሚገኘው ደግሞ አብሯት የመጣው ባል፣ አማት ወይም ጎረቤት ነው። ስለ ሳል ለመጠየቅ ይህ ይበቃ ይሆናል። ስለ ብልት ፈሳሽ ወይም በግንኙነት ጊዜ ስለሚሰማ ሕመም ሲሆን ግን ምስጢሩ ሳይነገር ይቀራል። አማርኛ ለአማርኛ በሚነጋገሩት መካከልም ችግሩ አይጠፋም፤ የተለመዱት ቃላት ገሚሶቹ ነውር ናቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ እንደ «ግንኙነት» ብዙ ትርጉም ያዘሉ ናቸው።

የጉዳዩን ክብደት ሁለት ነገሮች ያሳያሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ በድሬዳዋ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 75 በመቶ ያህሉ መገረዛቸውን መዝግቧል፤ የአገር አቀፉ ድርሻ 65 በመቶ ነበር። ግርዛት ጎጂ መሆኑን በመጠይቁ ላይ በትክክል የመለሰ ተማሪ፣ በተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የምትመጣን ሴት ስለ ግርዛቷ ካልጠየቃት ዕውቀቱ አልጠቀማትም።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 552፣ እርግዝናው በመደፈር ወይም ከቅርብ የሥጋ ዘመድ የተፈጠረ ስለመሆኑ ከሴቲቱ ቃል ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ሕግ አውጪው በቃሏ ታመነ፤ ቃሏ ግን የሚነገረው ለብቻዋ ስትጠየቅ ነው። የሚያስተረጉምላት ሰው ራሱ የደፈራት ዘመድ ወይም እሱን የሚሸሽግ ቢሆንስ?

ባህላችን ስለ ወሲብ መናገርን አይፈቅድም፣ ሐኪሙም ጊዜ የለውም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ነገር ግን ጨዋነት ያለው አጠያየቅ ባህልን አይጥስም፤ ያልተጠየቀች ሕመምተኛም ተመልሳ ስትመጣ የምትወስደው ጊዜ ይበልጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ ያልጠየቀ ሐኪምም የደባቂው ተባባሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያዎች በሥነ ወሲብ ረገድ ሊሠለጥኑ እንደሚገባ ሪፖርት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር፤ ሐሳቡ አዲስ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ እላለሁ። አንደኛ፣ ተማሪዎች ወደ ሆስፒታል ልምምድ ከመውጣታቸው በፊት በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ነውር የሌለባቸውን ግልጽ ቃላት ከአዋላጅ ነርሶችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይማሩ። ሁለተኛ፣ በተግባር ፈተና ላይ ዘመድን በአክብሮት አስወጥቶ፣ በሠለጠነ አስተርጓሚ አማካይነት የወሲባዊ ጤና ታሪክ መውሰድ ራሱን የቻለ ነጥብ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ እኛ ተመራማሪዎች ከመጠይቁ ጎን ተማሪው ሲጠይቅ የምናይበትን የምልከታ ቅጽ እንጨምር። ያኔ የምንለካው ተማሪው የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛዋ ከዕውቀቱ ያገኘችውን ጭምር ይሆናል።