በግ ያልነበረው መኮንን

የእንግሊዛዊው ባለቅኔ መኮንን የዊልፍሬድ ኦዌን ታሪክ ሲወራ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። ኖቬምበር 11 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. በሽሩዝቤሪ ከተማ የሰላሙ ደወል ሲደወል የ25 ዓመቱ ልጅ መርዶ በቴሌግራም ወላጆቹ ቤት ደረሰ። የሞተው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሰባት ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ የተለመደው ፍርድ ይከተላል፦ ምስኪን ገጣሚ፣ ጦርነትን የጠላ፣ እንደ በግ ተነድቶ የታረደ። ልብ ይነካል፤ እውነት ግን አይደለም።

የቀረውን ብዙዎች ያውቁታል። ቦርዶ ላይ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ቆይቶ በ1915 ዘመተ፤ በማንቸስተር ሬጅመንት ምክትል መቶ አለቃ ሆነ፤ በ1917 ግንባር ላይ መድፍ አስፈንጥሮት አእምሮው ታወከ፤ ኤዲንብራ አጠገብ በክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ከገጣሚው ሲግፍሪድ ሳሱን ጋር ተዋውቆ ግጥሙ ጎለመሰ። የበጉ ተረት እዚህ ላይ ይቆማል፤ ቁም ነገሩ ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ኦገስት 1918 መጨረሻ ላይ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ኦክቶበር 1 ቀን ጆንኩር መንደር አጠገብ በተደረገው ማጥቃት የሻምበሉ አዛዥ ሲመታ ኦዌን አዛዥነቱን ተረክቦ ከባድ መልሶ ማጥቃት መከተ፤ ሚሊታሪ ክሮስ ኒሻን ተሸለመ። የሽልማቱ ኦፊሴላዊ መግለጫ ከተማረከ የጀርመን መትረየስ ጀርባ ሆኖ ራሱ እየተኮሰ በጠላት ላይ ብዙ ጉዳት እንዳደረሰ ይናገራል። አሁን በ1967 የታተመውን የደብዳቤዎቹን መድብል ግለጡ፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ ወንድሙ ሃሮልድ ነው። እዚያ የሰፈረው መግለጫ ተኩሱን አያውቀውም፤ ኦዌን መትረየስ ማረከ፣ እስረኞችም ያዘ ብሎ ያልፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ተለወጠና ገዳዩ ማራኪ ሆነ። ማንም ይለውጠው፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ስለ ጦርነት ያዘነ ገጣሚ እጁ ንጹህ እንዲሆን እንፈልጋለን። የእኛ አገር ፎካሪ ቢሆን ግዳዩን በአደባባይ ቆጥሮ ባቅራራበት ነበር።

ኦዌን ራሱም ለእናቱ ሲጽፍ በሽጉጥ የመታው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን፣ ሌሎቹን በፈገግታ መማረኩን ነው የነገራት። ልጅ ለእናቱ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። በዚያው ሰሞን ግን የመመለሱን ምክንያት በሁለት ከፍሎ ጽፎላታል፦ ወታደሮቹን መኮንን በሚችለው መጠን በደንብ መምራት፣ ከዚያም ስቃያቸውን አይቶ መናገር። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መምራት ይቀድማል።

«መች ወዶ ሄደ? ወዳጆቹ በአገር ቤት ምደባ ሊያስገኙለት ሞክረው ስላልተሳካ ነው» የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ያ መትረየሱን አላስጨበጠውም። ሳሱን «ብትመለስ እግርህን በጩቤ እወጋሃለሁ» ብሎ ዝቶበት ስለነበር መሄዱን የነገረው ፈረንሳይ ከገባ በኋላ ነው። የሚነዳ በግ ከሚያስቀረው ሰው አይደበቅም።

ገና ሳይመለስ የጻፈው «ስትሬንጅ ሚቲንግ» የተባለ ግጥም አለ። ተናጋሪው በሙታን ዓለም የሚያገኘው በእጁ የገደለውን ጠላት ነው። ኦዌን ራሱን ያስቀመጠው ከታራጆች ወገን ሳይሆን ከገዳዮች ወገን ነው። ግጥሙን ከሌሎች የጦርነት ልቅሶዎች የሚለየውም ይኸው ነው፤ ጦርነትን አውግዞ ሙሉ በሙሉ የሚታመን በጦርነቱ እጁ ያለበት ሰው ብቻ ነው።

ኖቬምበር 4 ንጋት ላይ ኦር መንደር አጠገብ በሚያልፍ ቦይ ላይ መሐንዲሶች ድልድይ ሲዘረጉ ከማዶ የመትረየስ እሩምታ ይወርድባቸው ነበር። ኦዌን ውሃው ዳር ወታደሮቹን ሲያበረታታ ተመታ። ለእሱ ማልቀስ ክልክል አይደለም፤ የሚለቀስለት ግን ወታደሮቹን ሲመራ የወደቀ መኮንን ነው። መቃብሩ እዚያው ኦር ነው።