ሆዱን የሚያመው ልጅ አልዋሸም፤ «ጨጓራ»ም የለበትም

ውድ ወላጆች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ቁጣዬ በእናንተ ላይ ብቻ አይደለም፤ በእኛ በሐኪሞችም ላይ ነው። እንዲያውም ትልቁ ድርሻ የእኛ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸውን ይዘው መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) ገና ሳይቀመጡ አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። የሁለት ዓመት የላቦራቶሪ ውጤት ነው። «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ሦስት ጊዜ፣ «ታይፎይድ» ሁለት ጊዜ፣ አሜባ አንድ ጊዜ። ልጁ ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠውን የ14 ቀን መድኃኒት ሦስት ዙር ጨርሷል። ኦሜፕራዞልማ እንደ ቁርስ ሆኖለታል። ሆዱ ግን አሁንም ያመዋል።

እናትየው ትንሽ ውጭ እንዲቆዩልኝ ለመንኳቸውና ልጁን ጠየቅሁት።

«መቼ መቼ ነው የሚያምህ?»

«እሑድ ማታ ይጀምረኛል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል ይብስብኛል።»

«ዓርብ ማታስ? ቅዳሜስ?»

ትንሽ አሰበና «ቅዳሜ አያመኝም» አለ።

በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ይህችን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ እረፍት የሚወጣ ባክቴሪያ ደግሞ እኔ አላውቅም።

ቀስ እያለ ሁሉንም ነገረኝ። የሚያስፈራው ጥያቄው ብቻ አይደለም። የማያውቀው ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ማደር፣ በማያውቀው አዳራሽ መቀመጥ ያስፈራዋል። «ፈተና መሃል ሆዴ ቢላወስስ? ፈታኙ አትወጣም ቢለኝስ?» ሆዱ እንዳያስቸግረው ብሎ ቁርስ መብላት ካቆመ ወራት አልፈዋል። ባዶ ሆዱን ይሄዳል፣ ባዶ ሆዱ ይጮኻል፣ እሱም ይበልጥ ይፈራል።

እናትየውን አስገብቼ ሕመሙ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ መሆኑን ስነግራቸው ተቆጡ። «ምን ጎድሎበት ነው የሚጨነቀው ዶክተር? አብልቼ፣ አልብሼ ያሳደግሁት ልጅ ነው!»

የዛሬ ጠቤ ከዚህች «ምን ጎድሎበት» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

ጭንቀት የሚይዘው የጎደለበትን ሰው ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ልጆቹም ሰምተዋል። ፈተናው ከብዷል ወይስ አልከበደም የሚለውን ለባለሙያዎቹ ልተወው። ግን ይህን ቁጥር ሰምቶ፣ እቤት ደግሞ «የእነ እገሌ ልጅ ሕክምና ገባ፤ አንተስ?» እየተባለ፣ ሆዱ የማይላወስ የ17 ዓመት ልጅ ካለ እሱን አምጡልኝ።

ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው። «ሰበብ ነው፣ ትምህርት ጠልቶ ነው» የሚሉ አባቶች አሉ። አይደለም! ሕመሙ እውነተኛ ነው። አንጀታችን ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት ያሉት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፤ ከአንጎል ጋር ቀኑን ሙሉ ይነጋገራል። ሰው ሲፈራ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፤ ስለዚህ ምግብ ይከብዳል፣ ያቅለሸልሻል። ትልቁ አንጀት ደግሞ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ሽንት ቤት ያሯሩጣል። ፍርሃቱ ለወራት ከቆየ ነርቮቹ ራሳቸው ስሜታቸው ይጨምራል። ተመራማሪዎች ትንሽ ፊኛ አንጀት ውስጥ አስገብተው ሲነፉ ጤነኛው ሰው ምንም ሳይለው፣ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው ግን በዚያው መጠን ያመዋል። ሌላው የማይሰማው ጋዝ እሱን ይቆርጠዋል ማለት ነው። ይህን ልጅ «ምንም የለብህም» ብሎ መሸኘት ስድብ ነው።

ደግሞ እኮ አማርኛችን ቀድሞን ያውቀዋል። «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «አንጀቴ ተላወሰ» የምንል ሕዝብ ነን። ሆድና ስሜት አንድ ቤት እንደሚኖሩ በየቀኑ እየተናገርን፣ ልጃችን ሆዱን ሲያመው ግን ወደ ላቦራቶሪ ብቻ እንሮጣለን።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሐኪሞች ልምጣ።

ኤች ፓይሎሪ በአገራችን ከአዋቂው ግማሽ ያህሉ ሆድ ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው። አብዛኛው ሰው ተሸክሞት ይኖራል እንጂ አያመውም። ስለዚህ ሆዱን ያመመውን ሰው ሁሉ ብትመረምሩ ግማሹ «ፖዘቲቭ» ቢወጣ ምን ይገርማል? እግሩን ያመመውንም ብትመረምሩ ያው ነው። የደም ምርመራው ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ያ ልጅ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዙር መድኃኒት የዋጠው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሰገራ አንቲጂን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል። ለልጆች የወጡት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ግን እንዲህ ዓይነት የሆድ ሕመም ላለው ልጅ ይህን ምርመራ ጭራሽ አታድርጉ ነው የሚሉት። ለአዋቂ አንድ ጊዜ በትክክለኛው ምርመራ ማየት፣ ከተገኘ በአግባቡ ማከም፣ መጥፋቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ከቀጠለ ግን ጥፋቱን ባክቴሪያው ላይ መለጠፍ ይብቃን።

ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ በተሠራ ዊዳል ብቻ፣ ትኩሳት እንኳ የሌለውን ልጅ «ታይፎይድ አለበት» ማለት ልማድ እንጂ ሕክምና አይደለም።

ለምን እናደርገዋለን? እውነቱን ልናገር። ምርመራ ማዘዝ አንድ ደቂቃ ነው፤ ልጁን ማናገር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ውጭ ሠላሳ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። መድኃኒት ሳታዝ የሸኘኸው ታካሚ ደግሞ «ይሄ ምን ዓይነት ሐኪም ነው» ብሎ ሌላ ክሊኒክ ይገባል። እኔም ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ስንቱን በኦሜፕራዞል እንደሸኘሁት ቤቱ ይቁጠረው።

በነገራችን ላይ ኦሜፕራዞልን ለወራት የወሰዳችሁ ይህን አንብባችሁ ነገ በድንገት እንዳታቆሙ። አሲዱ ለጊዜው ብሶበት ሊመለስ ይችላል፤ ያዘዘላችሁን ሐኪም አማክራችሁ ቀስ በቀስ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ አደገኛ ምልክት አለመኖሩ ይታይ። ክብደት መቀነስ፣ የልጅ ዕድገት መቆም፣ ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ተደጋጋሚ ወይም አረንጓዴ ትውከት፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ በስተቀኝ ታች የጸና ሕመም፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ጭንቀት ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ዕድሜው 50 አልፎ አዲስ የሆድ ሕመም የጀመረውም እንዲሁ መታየት አለበት። ለልጁም ለአዋቂውም መሠረታዊ ምርመራ ይደረግ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ይታይ። ንጹሕ ከሆነ ግን ክሊኒክ ማቀያየሩ ይቁም። እያንዳንዱ አዲስ ምርመራ ልጁን «ያላገኙት ከባድ በሽታ አለብኝ» እያለ ያስፈራዋል።

ከዚያ ሕመሙን እመኑት፤ ግን ቤት አታስቀሩት። ሆዱን ባመመው ቁጥር የቀረ ልጅ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሆዱ ይበልጥ ያመዋል፤ ምክንያቱም አንጎሉ መሸሽ እንደሚያድን ተምሯል። በየሰዓቱ «አመመህ እንዴ?» አትበሉት። ቁርስ ትንሽም ቢሆን ይብላ። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ እስከ አራት እየቆጠረ አየር ያስገባ፣ እስከ ስድስት እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያስወጣ። ይህን የሚለማመደው በፈተናው ቀን ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ነው። መምህሩን አነጋግሩት፤ ሽንት ቤት ሲፈልግ እንዲፈቅድለት። ብዙ ጊዜ መውጣት እንደሚችል ማወቁ ብቻ መውጣቱን ያስቀርለታል።

እናንተ አዋቂዎቹም ራሳችሁን እዩ። ከአቦል እስከ በረካ በባዶ ሆድ እየጠጣችሁ «ጨጓራዬ» አትበሉ። ለፈተና ለመንቃት ብሎ ጫት የሚቅመው ወጣትማ ጭንቀቱንም፣ የእንቅልፍ ማጣቱንም፣ የሆድ ሕመሙንም አንድ ላይ ነው የሚገዛው።

ይህ ካልበቃ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ። የንግግር ሕክምና ለዚህ ሕመም እንደሚሠራ በጥናት የታየ ነው። «አማኑኤል ሊልኩብኝ ነው?» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ስኳር ያለበትን ሰው ወደ ስኳር ሐኪም ስንልክ ማንም አያፍርም።

እኚያ እናት በመጨረሻ ፌስታላቸውን ይዘው ሄዱ፤ ያን ቀን ምንም መድኃኒት አላዘዝኩም። ደስ አላላቸውም። ልጁ ግን በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ አብረን ተለማመድን፤ ቁርስም ጀመረ፤ መጀመሪያ ግማሽ ዳቦ በሻይ። ለፈተና ሄዶ ሲመለስ ደወለልኝ። በሁለተኛው ቀን ሆዱ ተላውሶ እጁን አወጣ፤ ፈታኙም ፈቀደለት፤ ሄዶ ተመልሶ ጨረሰ።