ሰዋስው የታሪክ ምስክር ነው

ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። ለቋንቋ ሥርዓትም ይህ ስም የተገባ ነው፤ ተማሪ በሰዋስው ወደ መጻሕፍት ምስጢር ይወጣልና። ነገር ግን መሰላል ለመውጣት ብቻ ሳይሆን ለመውረድም ያገለግላል፤ የቋንቋን ሥርዓት አስተውሎ የሚመረምር ሰው ወደ ሕዝብ የጥንት ታሪክ ይወርድበታል።

ለዚህም ግዕዝንና አማርኛን ማስተያየት ይበቃል። በግዕዝ «ቀተሎ ዳዊት ለጎልያድ» ሲባል ግሡ አስቀድሞ ይነገራል፤ በአማርኛ ግን «ዳዊት ጎልያድን ገደለ» ተብሎ ግሡ መጨረሻ ይሆናል። እንደዚሁም በግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» የተባለው በአማርኛ «የንጉሥ ቤት» ይባላል። ሁለቱም የሴም ቋንቋዎች ሲሆኑ ይህ ልዩነት ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙዎች የቋንቋ ሊቃውንት መልሱን በኩሽ ቋንቋዎች፣ ይልቁንም በአገው ዘንድ አግኝተውታል፤ በአገው ቋንቋ ግሥ የዐረፍተ ነገር መደምደሚያ ነውና። የዛጉዬን ነገሥታት ያስነሣው የአገው ሕዝብ ከአማራው ጋራ ሲገበያይ፣ ሲጋባና ሲዋለድ ኖሯል። ይህን ኑሮ ዘርዝሮ የጻፈ ጸሓፊ ባይገኝ እንኳ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ራሱ ይመሰክራል።

ሰዋስው የሕዝብን ልማድም ያሳያል። አማርኛ ተናጋሪ «መጣህ» ወይም «መጣሽ» ወይም «መጡ» ለማለት አስቀድሞ የሚያነጋግረው ሰው ወንድ ወይም ሴት፣ እኩያ ወይም ታላቅ መሆኑን መለየት ግድ ይሆንበታል። ሆኖም ለዳኛና ለሽማግሌ «እርስዎ» የሚለው አፍ ወደ እግዚአብሔር ሲጸልይ «አንተ» ይላል።

ከዚህ ተነሥተው ሰዋስው የሰውን አሳብ እንደ እግር ብረት ያሥራል የሚሉ አሉ። ይህ ግን ከልክ ያለፈ ነገር ነው። ወንጌል ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመልሶ፣ በአማርኛም ሲነበብ የቃላቱ ተራ ተለወጠ እንጂ ትምህርቱ አልተለወጠም። ሰዋስው ሰው ሊያስበው የሚችለውን አይወስንም፤ ሲናገር ሊተወው የማይችለውን ያስገድደዋል እንጂ።

እንግዲህ «ይህ ቋንቋ አልተጻፈምና ሰዋስው የለውም» ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። ሰዋስው ከመጽሐፍ አስቀድሞ በእናት አፍ ይገኛል። የጀርመኑ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ የአማርኛን ሰዋስው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1698 ዓ.ም. ሲያሳትም፣ አማርኛ ብዙ ዘመን በሥርዓት ሲነገር ኖሮ ነበር።

ዛሬ ከአገው ቋንቋዎች አንዱን ቅማንትኛን አጣርተው የሚናገሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ሥርዓቱ በመጽሐፍ ቢቀመጥም በልጆች አፍ ካልኖረ ቃሉ የማይሰማ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ ወላጆች ቋንቋቸውን ለልጆቻቸው ሊያወርሱ፣ መምህራንም የተማሪን የእናት ቋንቋ ከማቃለል ሊጠነቀቁ ይገባል። አማርኛ ተናጋሪም የአገውን ቋንቋ ሲንቅ የገዛ ቤቱን ማገር እንደሚነቅል ይወቅ።