ክፋት ለጀርሙም ዋጋ አለው

ብዙ ሰዎች ጀርም ይበልጥ ክፉ በሆነ መጠን ይበልጥ ይጠቀማል ብለው ያምናሉ። እኛ ግን ክፋት ለጀርሙም ብርቱ ወጪ አለው እንላለን።

ሳልሞኔላ የተባለውን የአንጀት ጀርም እንመልከት። ወደ አይጥ አንጀት የገባ እንደ ሆነ፣ ከመንጋው ከፊሉ ብቻ የአንጀቱን ግድግዳ ወግቶ ይገባል። በዚህም አንጀቱ ይቆጣል፤ ነባሮቹ ጤነኛ ተሐዋስያን ይመናመናሉ፤ ከግድግዳው ውጭ የቀሩት ሳልሞኔላዎችም በተለቀቀው ስፍራ ይራባሉ። ወጊዎቹ ግን መሣሪያቸውን ሲሠሩ ዕድገታቸው ይዘገያል፤ ብዙዎቹም በሰውነት መከላከያ ይሞታሉ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ነገር ግን በማኅበር መካከል ሳይሠራ የሚበላ አይታጣም። በስዊዘርላንድ በዙሪክ ከተማ የሚሠሩ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገለጹት፣ መሣሪያ መሥራት የተዉ ልውጥ ጀርሞች ፈጥነው እየበዙ የወጊዎቹን ስፍራ ይወስዳሉ። መንጋው በዚህ መንገድ ክፋቱን እያጣ ይሄዳል።

መድኃኒት ሲጨመርበትስ? እዚያው ያሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጥ እንዳሳዩት፣ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት በአንጀቱ ውስጥ ያሉትን ሲፈጅ፣ በግድግዳው ሥጋ ውስጥ የተሸሸጉት ወጊዎች ተርፈው አንጀቱን እንደ ገና ይሞሉታል። የተረፈውም ዘር ክፉው ነው።

በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ይደርሳል አንልም። ሆኖም ተቅማጥ በያዘው ቁጥር ሐኪም ሳያዝለት ክኒን የሚውጥ ወጣት፣ የትኛውን ገድሎ የትኛውን እንደሚያተርፍ አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።