የአያት አንገት፣ የልጅ ልጅ ለቅሶ

ልጄን ላርስ ሚኒሶታ ሄጄ አምስት ወር ያህል ከዚህ ዓምድ ጠፋሁ። ተመልሻለሁ፤ የዛሬው ወጋችን የሚጀምረው ከአንገቴ ነው።

የልጅ ልጄን ታቅፌ ሳድር ከርሜ አንድ ጠዋት አንገቴ አልዞር አለ። ሰው ሲጠራኝ በሙሉ ሰውነቴ ነበር የምዞረው። ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ልጄ "እማዬ፣ ካይሮፕራክተር ጋ ልውሰድሽ" አለችኝ። ምን እንደሆነ ስታስረዳኝ "ታዲያ ወጌሻ በይኛ!" አልኳት።

ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። ካይሮፕራክቲክ አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ እየገፉና እያንቀሳቀሱ የማከም ሙያ ነው። የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም.፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን በጥርጣሬ ሲያዩት ኖረዋል። ዛሬ ባለሙያዎቹ ኮሌጅ ገብተው ተምረው፣ ፈቃድ አውጥተው ይሠራሉ። እዚያው ሚኒሶታ፣ ብሉሚንግተን ከተማ ውስጥ፣ ሙያውን የሚያስተምርና የሚመራመር ኖርዝዌስተርን የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ አለ።

እኔ አንገቴን ቀጭ አድርጎ የሚሸኘኝ መስሎኝ ነበር። ባለሙያው ግን መጀመሪያ የጥያቄ መዓት አወረደብኝ፤ ወድቄ እንደሆነ፣ እጄ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ትኩሳት ይኖረኝ እንደሆነ። ከዚያ በልጄ አስተርጓሚነት አንድ ጥናት ነገረኝ። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንገታቸውን የታመሙ 272 ሰዎችን በዕጣ ለሦስት መደቡ። አንዱ ቡድን በእጅ ታከመ፣ ሁለተኛው መድኃኒት ተሰጠው፣ ሦስተኛው ቤቱ የሚሠራው እንቅስቃሴ ተማረ። ሕክምናው 12 ሳምንት ቆየ፤ ውጤቱም በ2012 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። የእጁ ሕክምና ከመድኃኒቱ ተሽሎ ተገኘ። ቤት የሚሠራው እንቅስቃሴ ግን ከእጁ ሕክምና ብዙም አላነሰም።

ይህን ስሰማ ገረመኝ። ሙያውን የሚያስተምረው ቤት፣ የራሱን ገበያ ሊያቀዘቅዝ የሚችል ውጤት አገኘና ደብቆ አላስቀረውም። ነጋዴ እንዲህ አያደርግም፤ ተመራማሪ ግን እንዲህ ማድረግ አለበት።

ምርምሩ ለገንዘብ ጉዳይም ይፈለጋል። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ የማይከፍልለት ሕክምና ለብዙ ቤተሰብ እንደሌለ ይቆጠራል። የአረጋውያኑ መድን ሜዲኬር በ1972 በወጣ ሕግ ለካይሮፕራክቲክ እንዲከፍል ቢደረግም፣ የሚሸፍነው አከርካሪን በእጅ ማስተካከሉን ብቻ ነው፤ ባለሙያው ለሚያዘው ራጅ አይከፍልም። የሙያው ሰዎች ሽፋኑ እንዲሰፋ የሕዝብ እንደራሴዎችን ይወተውታሉ፤ በ2019ም ለዚሁ ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። መወትወታቸው ነውር የለበትም። ነገር ግን የሚወተውት ሁሉ የራሱ ጥቅም አለውና፣ ከቃሉ በፊት ማስረጃውን ማየት ይበጃል።

ይህ ነገር ከአንገቴ ይልቅ ለልጅ ልጄ ጠቀመኝ። ማታ ማታ እግሩን እየሰበሰበ ያለማቋረጥ ያለቅስ ነበር። ልትጠይቀን የመጣች የልጄ ጓደኛ "የኔን ልጅ ካይሮፕራክተር ነክቶልኝ ነው የተወው" አለች። እንቅልፍ ያጣችው ልጄ ዞር ብላ "እማዬ፣ እንውሰደው?" ስትለኝ ሆዴ ባባ።

እሷ ራሷ ሁለት ወር ሲሆናት ጎረቤቶቼ "እንጥሏ ወርዶ ነው" ብለውኝ አስቆርጫታለሁ። ሦስት ቀን ጡት አልይዝ ብላኝ ስታቃስት አጠገቧ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። እግዚአብሔር አተረፈልኝ። ያን ያደረግኩት ስለምወዳት ነው፤ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ ያን ማታ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና እጄን ያዘችኝ።

ከዚያ አብረን አነበብን። በ2012 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 325 ሕፃናት የተካተቱባቸውን ስድስት ጥናቶች መርምሯል። ጥናቶቹ ትንንሽ ነበሩ። ወላጆቹ ልጃቸው መታከም አለመታከሙን ባላወቁባቸው ጥናቶች ላይ ደግሞ ሕክምናው ለቅሶን መቀነሱ በአስተማማኝ ሁኔታ አልታየም። ልጄ ታክሟል ብሎ ያመነ ወላጅ ለቅሶው የቀነሰ ሊመስለው ይችላላ! በ2019 የአውስትራሊያ የካይሮፕራክቲክ ቦርድ ራሱ፣ ባለሙያዎቹ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አከርካሪ በዚህ መንገድ እንዳያክሙ ጊዜያዊ መመሪያ አውጥቶ ነበር።

አልወሰድነውም። የሕፃናት ሐኪም ዘንድ አደረስነው፤ መርምሮት ጤነኛ መሆኑን፣ እንዲህ ያለው ለቅሶም ብዙውን ጊዜ በሦስትና በአራት ወር ራሱ እንደሚተው ነገረን። ተራ ገብተን ታቀፍነው። አራት ወር ሲሞላው ተወው። እኔም አገጬን ወደ ኋላ ሳብ፣ አንገቴን ቀስ ብዬ ግራና ቀኝ ማዞር፣ ትከሻዬን ወደ ኋላ መሰብሰብ፤ በቀን ደጋግሜ እየሠራሁ ተሻለኝ።

ወጌሻን አልንቅም፤ የአባቴን ወለምታ ያሸው ወጌሻ ነው። ነገር ግን ወጌሻም ይሁን ካይሮፕራክተር፣ ሰውነታችንን ከመስጠታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ እንደሚሠራ በምን ታወቀ? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ? ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝና መዛል፣ ትኩሳት፣ ሽንት አለመቆጣጠር ካለ ግን ጥያቄም አያስፈልግም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ለራሳችን ባንጠይቅ እንኳ፣ መናገር ለማይችሉት ልጆቻችን እንጠይቅላቸው።