ውድ ተጫዋች፤ ይሸጥ ወይስ ይለቀቅ?

የተጫዋቾች ዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር በየሳሎኑ አንድ ክርክር ይነሣል። አባት ሶፋው ላይ፣ ታላቁ ልጅ ስልኩ ላይ፣ ለቡና የመጣው አጎት ደግሞ በሁለቱ መካከል። ‹‹ይሸጥ!›› ይላል አንዱ። ‹‹በዚህ ደመወዝ ማን ይገዛዋል? በነፃ ይለቀቅና እንገላገል›› ይላል ሌላው። እርስዎ የኳስ ሰው ባይሆኑም ይህን ንግግር ከሌላ ክፍል ሆነው ሳይሰሙት አልቀሩም። ልብ ብለውት ከሆነ ሁሉም የሚናገረው ‹‹እኛ›› እያለ ነው። ‹‹ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለንበት!›› ይላሉ። ከፋዮቹ ለንደን ናቸው፤ እኛ የከፈልነው የዲኤስቲቪውን ነው።

ቢሆንም ክርክሩን አልንቀውም። ልጆች ስለ ገንዘብ፣ ስለ ውልና ስለ ሠራተኛ ሰው ዋጋ ቤት ውስጥ ረዘም ያለ ወሬ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ በኳስ ሰበብ ነው። ስለ ራሳችን ደመወዝ እነሱ ፊት አናወራም፤ የተጫዋቹን ግን እስከ መጨረሻዋ ፓውንድ እናሰላለን። እናም እነሱ እየሰሙ ምን እያልን እንደሆነ አንድ ጊዜ ማየቱ አይከፋም።

ለዚህ ከሜሱት ኦዚል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አርሰናል ጀርመናዊውን አማካይ በ2013 ከሪያል ማድሪድ ሲያስመጣ 42.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍሎበታል፤ በጊዜው በክለቡ ታሪክ ትልቁ ክፍያ ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ላይ አርሰናል የኤፍኤ ካፕን አነሣ፤ ከ2005 ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫ ነበር። በ2015/16 ደግሞ ኦዚል በሊጉ ብቻ 19 ጎል የሆኑ ኳሶችን አቀበለ። በዚያን ጊዜ ‹‹ይሸጥ›› የሚል ሰው በአርሰናል ደጋፊ ቤት ቡና አይቀዳለትም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በ2018 መጀመሪያ ላይ ነው። የኦዚል ውል ሊያልቅ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። በዚያው ጥር አሌክሲስ ሳንቼዝ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሄደ። ሁለቱን ኮከቦች በአንድ ወቅት ማጣት ለክለቡ ከባድ ነበርና ለኦዚል አዲስ ውል ቀረበለት፤ ደመወዙም በሳምንት 350,000 ፓውንድ እንደሆነ ተዘገበ። በዓመት ሲሰላ ከ18 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቬንገር ሄዱ፣ ኤምሬ መጣና ሄደ፣ አርቴታ መጣ። ኦዚል ለአርሰናል የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው መጋቢት 2020 ከዌስትሃም ጋር ሲሆን ላካዜት ያስቆጠራትን ብቸኛ ጎል ያመቻቸውም እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ከፕሪሚየር ሊጉም ከዩሮፓ ሊጉም የተጫዋቾች ዝርዝር ስሙ ወጣ። እየተከፈለው፣ ግን እንዳይጫወት ሆኖ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ነው ‹‹ለምን አይሸጡትም?›› የሚለው ጥያቄ ጣሪያ የነካው። መልሱ ቀላል ነው፤ ሰው እንደ ሶፋ አይሸጥም። በእግር ኳስ ዝውውር ሦስት ወገን መስማማት አለበት፤ ሻጭ ክለብ፣ ገዢ ክለብና ተጫዋቹ። ገዢው 350,000 ፓውንድ በሳምንት መክፈል ካልቻለ፣ ወይ ተጫዋቹ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ መቀበል፣ ወይ አርሰናል ልዩነቱን መሸፈን አለበት። እስቲ ለራስዎ ያስቡት። መሥሪያ ቤትዎ ጠርቶ ‹‹ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ድርጅት ሥራ አግኝተንልዎታል፤ ደመወዝዎ ግማሽ ይሆናል፤ ከተማውም ሌላ ነው›› ቢልዎ፣ ውልዎን ከመሳቢያ አያወጡም? ኦዚልም ያደረገው ይህንኑ ነው። ውሌ እስኪያልቅ እቆያለሁ አለ።

በብዙ ሳሎኖች ግን ‹‹ሌባ›› ተባለ። እኔን የሚከነክነኝ ይህች ቃል ናት። ውሉን ያቀረበው ክለቡ ነው፤ የፈረሙት ሁለቱም ናቸው። ልጆቻችንን ‹‹ሳታነብ አትፈርም፣ ከፈረምክ ቃልህን ጠብቅ›› እያልን እናሳድግና፣ የተፈረመለትን የጠበቀውን ሰው ሌባ ስንለው ልጁ የቱን ይያዝ? አርሰናል ኦዚልን መሸኘቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አሰልጣኙ በሌላ መንገድ መጫወት ፈልጎ ነበር፣ ያ መብቱ ነው። የተከፈለውን የተቀበለ ግን አልሰረቀም።

ሰውየው መልአክም ሰይጣንም አልነበረም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የአርሰናል ተጫዋቾች 12.5 በመቶ የደመወዝ ቅነሳ ሲቀበሉ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በቂ መረጃ አልተሰጠንም ብሎ አልቀበልም አለ። በዚያው ዓመት ክለቡ 55 ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ጥቅምት ላይ ሜዳ ዳር ልጆችን የሚያጫውተውን የዳይኖሰር ልብስ ለባሽ ሠራተኛ ማሰናበቱ ሲሰማ፣ ኦዚል በአርሰናል እስካለሁ ድረስ ደመወዙን እኔ ልክፈል ብሎ በአደባባይ ጠየቀ። የሚጠላው የመጀመሪያውን ብቻ ያስታውሳል፣ የሚወደው ሁለተኛውን። በመጨረሻ በ2021 ጥር ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ያህል ሲቀረው ከክለቡ ጋር ተስማምቶ ወደ ፌነርባቼ ሄደ። አርሰናል ለዝውውር ያገኘው ገንዘብ የለም።

ተጫዋቹ ሳይጠየቅ የሚዛወርበት አገርም አለ። አሜሪካ፣ በተለይ ዳላስ አካባቢ፣ ዘመድ ካለዎት ወሬው ደርሶዎት ይሆናል። ዳላስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ እዚያ ያደጉት የወንድምና የእህት ልጆች ‹‹ፉትቦል›› ሲሉ በእጅ የሚያዘውን እንቁላል መሰሉን ኳስ ማለታቸው ነው። ቡድናቸው ካውቦይስ ይባላል። በዚያ ጨዋታ ‹‹ሪሲቨር›› የሚባል ተጫዋች አለ፤ ሥራው ከተከላካይ አምልጦ የተወረወረለትን ኳስ መያዝ ነው። ደህና ሪሲቨር ውድ ነው።

አማሪ ኩፐር ከእነዚህ አንዱ ነበር። ካውቦይስ በ2020 የአምስት ዓመት፣ የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረሙት። ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በአሜሪካ ፉትቦል ከውሉ ዋስትና ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከፊሉ ብቻ ነው። ቀሪውን ክለቡ ተጫዋቹን በመልቀቅ ሊያስቀረው ይችላል። በዚያ ላይ ሁሉም ክለብ የደመወዝ ጣሪያ አለበት፤ በ2022 ጣሪያው 208.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የኩፐር የዚያ ዓመት ደመወዝ 20 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከማርች 20 በኋላ ሙሉ ዋስትና ያገኝ ነበር። ስለዚህ የዳላስ ደጋፊ ክርክር ቀን የተቆረጠለት ነበር። እንልቀቀው ወይስ እንለውጠው? ከለቀቁት ደመወዙ ይቀርላቸዋል፣ በምትኩ ግን የሚያገኙት የለም። ከለወጡት ሌላ ክለብ ውሉን ተረክቦ የሆነ ነገር ይሰጣቸዋል።

ምን ተሰጣቸው መሰልዎት? በአሜሪካ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣቶችን በየዓመቱ በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ይህ የምርጫ ተራ እንደ ገንዘብ ይለዋወጣል። ካውቦይስ በ2018 ኩፐርን ሲያስመጡ የአንደኛ ዙር ተራ ሰጥተው ነበር። በ2022 ወደ ክሊቭላንድ ሲሰጡት በዋናነት ያገኙት የአምስተኛ ዙር ተራ ነው። ለምን? ቀኑ ከደረሰ እንደሚለቁት ገዢው ሁሉ ያውቅ ስለነበር። መኪና ገዝተው ካወቁ ይህ አዲስ አይሆንብዎትም፤ ‹‹ባለቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ውጭ ይሄዳል›› የሚል ወሬ የሰማ ገዢ ዋጋ ሊጨምር አይመጣም። ኩፐር ዳላስ ውስጥ በመጨረሻው ዓመት 865 ያርድ ነበረው፤ በክሊቭላንድ የመጀመሪያ ዓመቱ 1,160 ያርድ አስመዘገበ። የዳላስ ደጋፊ እንዴት እንደተቃጠለ መገመት ይቻላል። ኩፐር ራሱስ? ከሙቅ ከተማ ወደ ብርዳማ ከተማ ቤተሰቡን ይዞ ሂድ ሲባል አልተጠየቀም። ‹‹እንደ አሜሪካ ቢሆን ኦዚልን ወዲያው እንሸጠው ነበር›› የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይህንን ይንገሩት።

ወደ አርሰናል ልመለስ፣ የሚቀጥለው ክርክር ከዚህም የከረረ ነውና። ፒየር ኤመሪክ ኦባሜያንግ በ2018 በ56 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፣ ጎል አዘነበ፣ በ2020 መስከረም የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። በ2021 ታኅሣሥ በዲሲፕሊን ጉድለት አምበልነቱን ተነጠቀ። በ2022 የካቲት መጀመሪያ ላይ አርሰናል ውሉን በስምምነት አፍርሶ በነፃ ለቀቀው፤ ባርሴሎና ወሰደው። ሰባት ወር ሳይሞላ ባርሴሎና ያንኑ ሰው ለቼልሲ በ12 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሸጠው። አርሰናል ደግሞ የዚያን ዓመት ሊግ በሁለት ነጥብ ከቶተንሃም አንሶ አምስተኛ ሆነና ቻምፒየንስ ሊግ አመለጠው። ‹‹አልነገርኳችሁም!›› የሚለውን አጎት ይህን ጊዜ ዝም ማሰኘት ከባድ ነበር።

እኔ ግን ያኔም አሁንም መልቀቁን እደግፋለሁ። ለተጫዋቹ የተከፈለው 56 ሚሊዮን በ2018 የወጣ ነው፤ ቢቀመጥም ቢሄድም አይመለስም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ጥያቄው ከዛሬ ወዲህ ያለው ነው፤ የሚቀረው ደመወዝ፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ሁኔታ፣ ከሥር የሚጠብቁት ወጣቶች። ለሦስተኛ ጊዜ ጋራዥ የገባችውን መኪና ‹‹ይህን ሁሉ አውጥቼባት እንዴት እሸጣታለሁ?›› የሚል ባል ወይም ሚስት ቤትዎ ካለ፣ የኦባሜያንግን ነገር አንስተው ያነጋግሩ። በሚቀጥለው ዓመት አርሰናል ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። አጎት ግን 12 ሚሊዮኗን እስካሁን አልረሳትም፤ ትንሽም ቢሆን እውነት አለው፣ ክለቡ እስከ ክረምት ቢታገሥ ምናልባት የሆነ ነገር ያገኝ ነበር።

እንግዲህ ክርክሩ ይቀጥል። ልጆች በሂሳብ ቢሳተፉበት እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ሳምንታዊውን ደመወዝ በ52 ያባዙ፣ የቀረውን ወር ይቁጠሩ፣ ‹‹ገዢ ብትሆን ስንት ትከፍላለህ?›› ይባሉ። አንድ ነገር ብቻ እንተው። ‹‹አርጅቷል፣ ይጣል›› ማለትን። ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤታችን ውድ የምንሆንበት ዕድሜ ላይ ነን፤ ደመወዛችን ከአዲስ ተቀጣሪ ይበልጣል፣ አዲሱን ሶፍትዌር ለመልመድ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይፈጅብናል። እኛም አንድ ቀን ‹‹ከሚያወጣው በላይ ይከፈለዋል›› ልንባል እንችላለን፤ ምናልባትም በእውነት። ያን ቀን ወደ ቤት ስንገባ ልጃችን ስለተሰናበተ ሰው ከእኛ የሰማው ቃል የትኛው እንዲሆን እንፈልጋለን?

ሌላ ትንሽ ጉዳይ፣ የእናቶችና የአባቶች። ለልጅዎ ማሊያ ሲገዙ ጀርባው ላይ የተጫዋች ስም ከማስጻፍዎ በፊት ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቁ። በቁም ሣጥን ውስጥ ‹‹ኦዚል›› የሚል ማሊያ ያላቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ታናሽ ወንድም አልለብስም ብሎ አልቅሷል። ልጁ የራሱን ስም ያስጽፍ። ማሊያው እስኪጠበው ድረስ ማንም አይሸጠውም።